ጠጉሩ የረጠበ ሰው

ነይ ሰልፊና፣ ነይ እዚህ ጥላው ጋ ቁጭ በይ። ይቺን ሽንኩርት ለሁለት እንላጣት። የእንግዶቹን አልጋ አንጥፈሽ ጨርሰሽ የለ? እነሱ እንደሆኑ ደሴቷ ላይ ወጥተዋል፤ አንድ ዛፍ ሥር ቆመው አንዱ ሌላውን ፎቶ ሲያነሳ ይውላሉ፣ ሆዳቸው ካልጠራቸው አይመለሱም። አንቺስ እንዴት ነሽ? አሁንም ያቅለሸልሽሻል? አይዞሽ፣ መርከብ ላይ የመጀመሪያው ሰሞን እንደዚህ ነው። እኔ ምግብ አብሳይ ሆኜ ስቀጠር ከእንግዶቹ ቀድሜ የማስመልሰው እኔ ነበርኩ፤ ይኸው ዛሬ ማዕበል ካልወዘወዘኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ዝንጅብል አኝኪ። የፒናንጉን ፍሬ ግን ቀነስ አድርጊው፣ ባዶ ሆድ ላይ ሲያኝኩት ራስ ያዞራል።

ደግሞ ዛሬ እንዴት ደስ የሚል ቀን ነው! ባህሩ ጸጥ፣ ነፋሱ ቀስ… ያ የጠላቂዎቹን የአየር ጋን የሚሞላው ሞተር እንኳን ጠፋ፣ ተመስገን። እሱ ሲጮህ እናትሽ ብትጠራሽ አትሰሚያትም። አሁን ግን ሰው የተናገረው ሁሉ ከመርከቡ ጫፍ እስከ ጫፍ ጥርት ብሎ ይሰማል። ምን ዞረሽ ታያለሽ? እ… እሱን ነው? እሱን ተይው፣ የመጥለቂያ የእግር ክንፎቹን እየጠጋገነ ነው። ሥራው ላይ ያቀረቀረ ሰው የሴት ወሬ አይሰማም። ቢሰማስ ምን ይለናል? ስለሱ አናወራ! እንዲህ ያለውን ጨዋ ልጅ ፊቱ ቁጭ ብለን እናማለን እንዴ? እኛ የምናወራው ስለ ሌላ ሰው ነው። እዚህ ስለሌለ ሰው።

ትናንት ስለ ናፍታሊ ጠይቀሽኝ፣ እንቅልፌ መጥቶ ሳልነግርሽ ቀረሁ። ናፍታሊ ታናሽ ወንድሜ ነው። አንቺ ከመምጣትሽ በፊት እዚሁ መርከብ ላይ የጠላቂዎች መሪ ነበር፤ እንግዶቹን ይዞ ባህር ሥር የሚወርደው እሱ ነበር። አሁን መንደር ተቀምጦ የሰው ጀልባ ቀለም ይቀባል። ቀኝ ጆሮው ደንቁሯል፤ ሶሮንግ ከተማ ያለው ሐኪም ‹‹ከእንግዲህ ብትጠልቅ ሌላውንም ታጣዋለህ›› ብሎታል። ስለ ጆሮው እንኳን ተጽናንቻለሁ፣ ጆሮ ሁለት ነው የተሰጠን። ስም ግን አንድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጠጋ ብሎ ቦታ የሚለቅለት የለም። ‹‹እንግዶቹን ባህር ላይ በትኖ የተባረረው›› ነው የሚሉት። ልጁን ትምህርት ቤት ‹‹የበታኙ ልጅ›› ይሏታል፣ ታለቅሳለች። እኔ የምፈልገው ያቺን ስሙን እንዲመልሱለት ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ማን ይመልስለት ነው ያልሽው? ቆይ፣ ቀስ ብለን እንደርስበታለን። ምን ያስቸኩለናል? ሽንኩርቱ ገና ነው።

አዲስ ስለሆንሽ መጀመሪያ የመርከባችንን ሥርዓት ልንገርሽ። ካፒቴናችንን ሐጂ ባሶን አይተሻቸዋል፤ አባታቸውም አያታቸውም መርከብ ላይ ያረጁ የቡጊስ ጎሳ ሰዎች ናቸው። እንግዳ ከመጥለቁ በፊት አንድ ሰው በትንሿ ጀልባ ይሄድና ውሃው ውስጥ ይገባል፤ ወደ ታች ወርዶ ዓሦቹን ያያል። ዓሦቹ ወዲያ ወዲህ እያሉ የሚንሸራሸሩ ከሆነ ውሃው ተኝቷል ማለት ነው። ሁሉም አፋቸውን ወደ አንድ ወገን አዙረው ከተሰለፉ ግን ውሃው እየሮጠ ነው፣ ያን ጊዜ ማንም አይወርድም። ሰውየው ይመለስና ላይ ወጥቶ ለሐጂ ይነግራቸዋል። ሐጂ ታዲያ አፉን አያዩትም፣ የሚያዩት ጠጉሩን ነው። ‹‹ጠጉሩ ያልረጠበ ሰው ስለ ባህር አይነግረኝም›› ይላሉ። ከረጠበ ግን አለቀ፣ ሌላ ጥያቄ የለም። ሞኝ ናቸው? አይደሉም። የሰው ነፍስ ባለበት ነገር ላይ ሰው በጠጉሩ ይዋሻል ብለው እንዴት ያስቡ! እኔስ መቼ አሰብኩ?

እና አንድ ሰው ነበር… አለ… ነበር እንበል። ስሙ ምን ይሠራልሻል? ብቻ ጎበዝ ነው። እንዲህ ያለ ጎበዝ በራጃ አምፓት ደሴቶች ሁሉ ዞረሽ ብትፈልጊ አታገኚም። የኛ አባቶች ምስኪኖች ነበሩ፤ ውሃ ለማየት ውሃ ውስጥ ይገቡ ነበር። እየበረዳቸው፣ ዓይናቸው እየቀላ… ምን ዓይነት ኋላ ቀርነት ነው! እሱ ግን የተማረ ነው፣ የምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ይሸፍናል። እንዲህ ያለ ሰው ምን በወጣው ይረጥባል?

ነገ የምንሄድበት ጠባቡ የባህር መተላለፊያ አለ አይደል? እዛ ከትልቁ ድንጋይ ጀርባ ዞር ሲሉ ስልክ ይሠራል። ሌላ የትም አይሠራም። ይኼ ሁሉ በደረሰ ቀን ጠዋት ሰውየው ትንሿን ጀልባ ብቻውን ይዞ ውሃ ሊያይ ወጣ፣ ከድንጋዩ ጀርባ ገባ። ሲስቅ እዚህ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ከዓሦቹ ጋር ነው የሚጫወተው አልኩ። ምን ያስቅሻል? ዓሣ ጨዋታ አያውቅም ያለሽ ማነው? አንዳንዷ ዓሣ እኮ ‹‹ደርሰሃል ወይ፣ በልተሃል ወይ›› ብላ ትጠይቃለች።

ከዚያ ተመለሰ። እኔ በወጥ ቤቱ መስኮት የዓሣ ቅርፊት ልደፋ ብቅ አልኩ። እንግዶቹ ካሜራቸውን ከጨው የሚያለቀልቁበት ሰማያዊ በርሜል የለ? የሚጠጣ ውሃ ነው የምንሞላው። ሰውየው ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፣ ጎንበስ አለና ራሱን እስከ አንገቱ ነከረ። ምስኪን፣ ሙቀት ነው አልኩ። ራሱ ብዙ ያስባል፣ ግሎበት ነው። ከዚያ ጠብ ጠብ እያለ መሰላሉን ወጣ። ሐጂ ጠጉሩን አዩ። ‹‹ተኝቷል›› አላቸው። አሁን ይሄን ውሸት ትይዋለሽ? እኔ አልልም። ሄዶ ያላየውን ውሃ ተኝቶ ይሁን ነቅቶ በምን ያውቃል? የተኛ ነገር ላለመቀስቀስ ብሎ እንጂ… ትሕትናው ነው።

ኋላ ቁርስ ላይ ሻይ ስሰጠው ጠጉሩ ደርቆ፣ ጥቁር ሆኖ ያበራል። እዚህ ባህር የነካው ጠጉር ሲደርቅ ነጭ ጨው ይዞ እንደሚቆራኝ ሕፃን ያውቀዋል። የናፍታሊን ጠጉር ስንት ዓመት አጥቤያለሁ፣ ሁልጊዜ ያረጀ ሰው ጠጉር ይመስል ነበር። የዚህኛው ግን የሙሽራ ነው። ‹‹እንዴት ያለ ያማረ ጠጉር ነው!›› ብዬ ሻዩን ሞላሁለት። ስኳር ጨምሪበት አለኝ፣ ጨመርኩለት።

ከዚያማ ናፍታሊ ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ይዞ ወረደ። ያ ተኝቷል የተባለው ውሃ አፈፍ አደረጋቸው። ሴትዮዋን ወደ ታች ሲጎትታት ወንድሜ ተከትሎ ወረደና ያዛት፣ አወጣት፣ ደግሞ ወሰዳት፣ ደግሞ ተከተላት። ጆሮው እዛ ላይ ነው የሄደው። አየሯ ሲያልቅ ከራሱ አካፈላት። ወደ ላይ ሲወጡ መርከብ የለ፣ ደሴት የለ፣ ባህር ብቻ። ትንሿ ጀልባ ላይ ሆኖ አረፋቸውን እያየ ሊከተላቸው የሚገባው ሰው ነበር… ማን እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ አልነግርሽም። ‹‹አረፋቸው ጠፋብኝ›› አለ። እውነቱን ነው፣ አረፋ ጥቃቅን ነው፤ ቀና ብሎ ማየት ይፈልጋል። ናፍታሊ ሁለቱን ሽማግሌዎች ከወገቡ ጋር አስሮ፣ ከሩቅ እንዲታዩ ያቺን ብርቱካናማ የምልክት ፊኛ አቁሞ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታቸው ዋሉ። ሊመሽ ሲል የሌላ መንደር ዓሣ አጥማጅ አገኛቸው። ማንም አልሞተም፣ ክብር ለእግዜር ይሁን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲሉ እሰማ ነበር። ለካስ አንዳንዱ ሰው ደግሞ እየሳቀ ለውሃ ይሰጣል።

በፍለጋው ቀን ሰውየውን ብታዪው! ከሁላችንም በላይ የጮኸ እሱ ነው። ‹‹ናፍታሊ! ወንድሜ!›› እያለ ድምፁ እስኪዘጋ። ‹‹ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ›› የሚሉ ክፉዎች አይጠፉም፤ እኔ ግን አላልኩም። እኔ ማር በሙቅ ውሃ በጥብጬ ሰጠሁት፣ ለጉሮሮው።

ኋላ ሐጂ ሁሉንም ሰብስበው ምን እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ናፍታሊ ሶሮንግ ሐኪም ቤት ተኝቷል። ማን ይናገር? ያው ጎበዙ ተናገረ። ‹‹እኔ ሳይ ውሃው ተኝቶ ነበር። ናፍታሊ ከተባለበት ቦታ አልፎ እንግዶቹን ወደ ጥልቁ ወሰዳቸው መሰለኝ›› አለ። ‹‹መሰለኝ›› አለ፣ ልብ በይ። ‹‹ወሰዳቸው›› አላለም። ሰው ላይ መፍረድ አይወድም፣ ተፈጥሮው ነው። ሐጂም ረጥቦ ያዩትን ጠጉር አስታወሱ፣ አመኑት። ባለመርከቡም ከሩቅ ሆኖ ናፍታሊን አባረረው።

አልተናገርሽም ወይ ነው የምትዪኝ? ተናገርኩ እንጂ! ነገሩ እንደገባኝ በዚያው ቀን ሐጂ ፊት ቆሜ በርሜሉንም፣ ጠጉሩንም ነገርኳቸው። በደንብ ሰሙኝ። ከዚያ ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹‹ዶርካስ፣ አንቺ እህቱ ነሽ። እህት ለወንድሟ ብትመሰክር ማን ይቀበላታል? ሰውየው ራሱ መጥቶ ይንገረኝ፣ በዚያው ሰዓት ለባለመርከቡ እደውላለሁ፣ መንደርም ሄጄ በሕዝብ ፊት እናገራለሁ።›› አላጠፉም። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው። እንግዲህ ያ ሰው ይኼን ይወቅ አይወቅ አላውቅም። ምናልባት የነገረው የለም። ዛሬ እንኳን የሆነ ሰው ጮክ ብሎ ቢያወራው…

አልጮኽኩም። ወንዝን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ውስጡ ያለው ድንጋይ አሉ። ያንን ቢላ አቀብዪኝ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ደግነቱ ነው። ናፍታሊ ከሐኪም ቤት ሲወጣ መንደር ድረስ መጣ። ብስኩት ይዞ መጣ፣ ያውም የቆርቆሮውን። ቤተ ክርስቲያን ለናፍታሊ ሲጸለይ ከእናቴ በላይ ያለቀሰ እሱ ነው። ደስ አለኝ፤ እንኳን አንድ ቀን በጨው ውሃ ረጠበ አልኩ። ከዚያ እናቴን አቅፎ ምን አላት? ‹‹ማማ፣ እኔ ናፍታሊን ይቅር ብየዋለሁ።›› ሰማሽ? እሱ… ናፍታሊን… ይቅር ብሎታል! እናቴም ‹‹እግዜር ይስጥህ ልጄ›› ብላ እጁን ሳመች። የፓፔዳ ገንፎ ሠርታ፣ ቢጫውን የዓሣ መረቅ ጨልፋ፣ ትልቁን ዓሣ ለእሱ፣ ጭራውን ለናፍታሊ ሰጠች። በላ። ደግሞ ጨምሩልኝ አለ። ናፍታሊ ሳህኑን እያየ ነው። ‹‹የለም፣ ተኝቷል ብሎኝ ነው የወረድኩት›› ብሎ አንዴ ለመንደሩ ሽማግሌዎች ነግሮ ነበር፤ ‹‹የተባረረ ሰው ምን የማይለው አለ›› አሉት። ከዚያ ወዲህ ዝም አለ። እኔ ዓሣውን ከአጥንቱ እየለየሁ እንግዳ አስተናገድኩ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እውነት ነው፣ የዚያ ሰውም ዝምታ አልነቀዘም። እንዲያውም ፍሬ ሰጠ፤ የመሪዎች አለቃ ሆነ። ይገባዋል! የናፍታሊ አልጋ ባዶ ነበር፣ እሱ ተኛበት። የናፍታሊ የመጥለቂያ መብራት ባለቤት አልነበረው፣ እሱ ያዘው። እንግዶቹም ይወዱታል፤ ጥርሱ ነጭ ነው፣ ያስቃቸዋል። ‹‹እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል›› ብላ ስታጽናናኝ የነበረች አንዲት ሴት ነበረች። እኔም እየጠበቅሁ ነው። ንጋቱስ በየቀኑ ይጠራል፣ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። ያቺ እውነት ናት መንገድ ላይ የቀረችው።

ነገ እንግዲህ ወደዚያው መተላለፊያ ልንሄድ ነው። ውሃውን የሚያየው ማን እንደሆነ ሰምተሻል? እኔም ሰምቻለሁ። አልጨነቅም። አዲሱ ልጅ ነው እንግዶቹን ይዞ የሚወርደው፣ እናት አለው አሉ። እናቶች ጸሎት ያውቃሉ።

እኔ ምቀኛ አይደለሁም ሰልፊና። ያ ሰው ይባረር አላልኩም። ይታሰርም አላልኩም። ይኼ መሰላል አጭር ነው፣ አይደለም? ሐጂም እላይ ናቸው፣ ከሶላታቸው ተነስተው ሻይ እየጠጡ ነው፣ ፊታቸው ብሩህ ነው ዛሬ። ያ ሰው… እዚህ ቢኖር ማለቴ ነው… እዚህ ቢኖር ወደ ላይ ወጥቶ ‹‹ያን ቀን ውሃው ውስጥ አልገባሁም›› ቢላቸው በቃ ነበር። ይቺን ብቻ። ሐጂ ይቆጡታል፣ ይሰድቡታል፣ ከዚያ ደግሞ ሻይ ያቀርቡለታል፣ አውቃቸዋለሁ። ወንድሜ ደግሞ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቀና ብሎ ይገባል። ልጁ ትምህርት ቤት አታለቅስም። እኔም እውነቴን ነው የምልሽ፣ በእግዜር ስም፣ ትልቁን ዓሣ ራሴ ጠብሼ፣ እሾሁን ራሴ ለቅሜ አበላው ነበር። ያለ አሽሙር። ደክሞኛል ሰልፊና። ሰውን መጥላት እንዴት እንደሚያደክም አታውቂም፤ ከማዕበል ይብሳል። ሽንኩርቱ ነው፣ ተይኝ፣ ሽንኩርቱ ነው።

…

ተነሳ እንዴ? አትዙሪ፣ አንቺ ሽንኩርትሽን ላጪ። ክንፎቹን አስቀመጠ… ወደ መሰላሉ ነው? እጁን መሰላሉ ላይ አደረገ… ወደ ላይ እያየ ነው። አምላኬ፣ አንዴ… ይቺን አንዴ ብቻ…

ለቀቀው። ወደ ትንሿ ጀልባ ነው።

እሺ። ይሁን።

አንተ ልጄ! እዚህ ነበርክ እንዴ? ይኼው ዓይኔ ደክሞ፣ አጠገቤ ያለ ሰው እንኳን አላይም። ሳልስምህ የት ልትሄድ ነው? ሚስትህ በሰላም ተገላገለች አሉ፣ ያውም በወንድ ልጅ! ደስ ብሎኛል፣ እንኳን እግዜር አተረፈልህ። ሰልፊና፣ አንቺም እንኳን ደስ ያለህ በዪው እንጂ! አባት ሆነ እኮ። ና፣ ጎንበስ በል፣ አሮጊት ሳትመርቅህ አትሂድ።

ልጅህ ይደግ፣ ይመንደግ። ጤና አይለየው። ያንተን ጥርስ ይውረስ፣ የእናቱን ዓይን። ባህር ይውደድ፣ ባህርም ይውደደው። ጠላቂ ይሁን፣ ስሙ በደሴቱ ሁሉ ይጠራ። እና አድጎ፣ ጎርምሶ፣ የአየር ጋኑን ጀርባው ላይ አዝሎ፣ እዚያ መተላለፊያ ላይ ከጀልባው ሊወርድ ጠርዝ ላይ ሲቀመጥ… ከእሱ ቀድሞ ውሃውን የሚያይለት ሰው፣ እግዚአብሔር ልክ እንዳንተ ያለውን ሰው ይዘዝለት።

አሜን በል እንጂ ልጄ።